በቀን ሁለት ሺህ ሉክ፦ የቲሞቲ ባሬት ሁለት የወረቀት መጻሕፍት

አሜሪካዊው የመጽሐፍ ጥበብ መምህር ቲሞቲ ባሬት በእጅ ስለሚሠራ ወረቀት ሁለት ትልልቅ መጻሕፍት ጽፏል። ስለ ጃፓን ወረቀት አሠራር የሚያስተምረው የመጀመሪያው በ1983 እ.ኤ.አ. ታተመ፤ ስለ አውሮፓ የሚናገረው ሁለተኛው በ2018 ወጣ (ከዚህ በኋላ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። ንዑስ ርእሳቸው አንድ ነው፦ ወጎች፣ መሣሪያዎችና ዘዴዎች። ስለዚህ አንባቢ መንትያ ናቸው ብሎ ቢያስብ አይፈረድበትም። ነገር ግን በመካከላቸው 35 ዓመት አለ፤ አብዛኛው በማስተማር ያለፈ ነው፤ ማስተማሩም የደራሲውን ሐሳብ ለውጦታል። የመጀመሪያው መጽሐፍ ግሩም ሉክ እንዴት እንደሚሠራ ይጠይቃል። ሁለተኛው ደግሞ በታሪክ እጅግ ግሩም የሆነውን ወረቀት የሠሩት ሰዎች ስለ ግሩምነቱ ለማሰብ ፋታ ያልነበራቸው እንደሆኑ ይደርስበታል። የትኛው ይበልጣል ለሚለኝ መልሴ ሁለተኛው ነው፤ የመጀመሪያውን ያላነበበ ሰው ግን የሁለተኛውን ክብደት አያውቀውም።

ባሬት በኦሃዮ ከሚገኘው አንቲዮክ ኮሌጅ በ1973 እንደተመረቀ የገባው ትዊንሮከር ወደተባለ አነስተኛ የወረቀት መሥሪያ ነበር። ይህን መሥሪያ ካትሪንና ሃዋርድ ክላርክ የተባሉ ባልና ሚስት በ1971 ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ጀምረው፣ በዓመቱ ወደ ኢንዲያና ገጠር አዛወሩት። በጊዜው በአሜሪካ ወረቀት በእጁ የሚሠራ ባለሙያ ብርቅ ነበር። ታላቁ የወረቀት ተመራማሪ ዳርድ ሃንተር በ1928 ኮነቲከት ውስጥ ሥራውን ሊያስቀጥል ሞክሮ ብዙ ሳይገፋ ከስሯል። ሙያውን ከአባት ወደ ልጅ የሚያወርስ ቤተሰብ ስላልነበረ፣ ወጣቶቹ የሚማሩት ከመጽሐፍ፣ እርስ በርሳቸውና ከሙከራ ነበር። ባሬትም ከትዊንሮከር ወጥቶ ሙያው ያልተቋረጠበትን አገር ፍለጋ ሄደ። የፉልብራይት የትምህርት ዕድል አግኝቶ ከ1975 እስከ 1977 ጃፓን ቆየ።

የደረሰበትን ጊዜ ልብ ይሏል። በ1901 በጃፓን ከ68 ሺህ በላይ ቤተሰቦች በእጅ ወረቀት ይሠሩ ነበር፤ በ1970ዎቹ ግን ቁጥሩ ወደ መቶዎች ወርዷል። በአንፃሩ በምዕራቡ ዓለም የጃፓን ወረቀት ፈላጊ እየበዛ ሄዷል። በኅዳር 1966 የአርኖ ወንዝ ፍሎረንስን አጥለቅልቆ እልፍ አእላፍ መጻሕፍትን በጭቃ ሲለውስ፣ ከየአገሩ የተሰበሰቡት የመጽሐፍ ጠጋኞች ገጾቹን ለመጠገን ከተጠቀሙባቸው ነገሮች ዋነኛው ስስና ጠንካራው የጃፓን ወረቀት ነበር። ያ ወረቀት ከምን እንደሚሠራ፣ የትኛው መቶ ዓመት እንደሚኖርና የትኛው በአጭር ጊዜ እንደሚበላሽ በእንግሊዝኛ አጥርቶ የሚነግራቸው ሰው ያስፈልጋቸው ነበር። የባሬት መጽሐፍ ይህን ክፍተት ሞላ፤ ዛሬም ድረስ ከመጽሐፍ ጠጋኞች እጅ የማይጠፋው ለዚህ ይመስለኛል።

መጽሐፉ ሥራውን ከጫካ እስከ ማድረቂያ ሰሌዳ ድረስ ይከተላል። ኮዞ የተባለው ቁጥቋጦ ቅጠሉ ከረገፈ በኋላ በክረምት ይቆረጣል፣ በእንፋሎት ይቀቀላል፣ ልጡ ይላጣል። ጥቁሩ ቅርፊት በቢላ ተፍቆ ነጩ የውስጥ ልጥ ብቻ ሲቀር፣ በአመድ ውሃ ወይም በሶዳ አሽ ይቀቀላል። ባሬት የማይታክተው እዚህ ነው። የመቀቀያው ውሃ ኃይለኛ በሆነ መጠን ሥራው ይፈጥናል፤ ኮስቲክ ሶዳ ልጡን ቶሎ ያለሰልሳል፣ ክሎሪን ቶሎ ያነጣዋል። ነገር ግን ቶሎ የሚያለሰልሰው ነገር ፋይበሩንም ይጎዳል። በአመድ ውሃ ቀስ ብሎ የበሰለው ልጥ ረጅም ፋይበሩን እንደያዘ ይቆያል። የኮዞ ፋይበር ርዝመቱ 10 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ የተለመደው ወረቀታችን የሚሠራበት የእንጨት ፋይበር ደግሞ ከ1 እስከ 3 ሚሊ ሜትር። ይህን ልዩነት የተረዳ አንባቢ ያ እንደ ጢስ የሳሳ ወረቀት ለምን በቀላሉ እንደማይቀደድ ገባው ማለት ነው።

ከዚያ ለቀማው ይመጣል። የበሰለው ልጥ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ተዘርግቶ፣ ሠራተኛዋ (ብዙውን ጊዜ ሴት ናት) ጎንበስ ብላ የቀረውን የቅርፊት ፍንጣሪ፣ የቅርንጫፍ ጠባሳውንና የጠቆረውን ቦታ አንድ በአንድ በጣቷ ትለቅማለች። ጃፓኖቹ ቺሪ የሚሉት ይህን እድፍ ነው። ሥራው የክረምት ሥራ ነው፤ ውሃው እጅ ያደነዝዛል፤ ፍጥነት አያውቅም። አንድ ኪሎ ልጥ ንጹሕ እስኪሆን ምን ያህል ጊዜ እንደሚጨርስ ያሰበ ሰው የአንዱ ሉክ ዋጋ ከየት እንደመጣ ይገባዋል።

ለምን በክረምት? መልሱ ኔሪ ነው። ኔሪ የሚወጣው የባሚያ ዘመድ ከሆነው ቶሮሮ-አኦይ ከተባለ ተክል ሥር ነው። ሥሩ ተቀጥቅጦ ውሃ ውስጥ ሲዘፈዘፍ እንደ ተልባ ውሃ የሚለጠልጥ ነገር ይሰጣል። ወፍራምነቱ በሙቀት ይጠፋል፤ ስለዚህ ሠሪው ብርዱን ይመርጣል። ኔሪ ገንዳው ውስጥ ሲገባ ውሃው ይከብዳል፤ ረጅሙ ፋይበር እርስ በርሱ ሳይጠላለፍ ተበትኖ ይንሳፈፋል፤ በቀርከሃው ወንፊት ውስጥ ውሃው ቀስ ብሎ ይወርዳል። ሠሪው ክፈፉን ይዞ መጀመሪያ ጥቂት ይጨልፍና ፊቱ ላይ በፍጥነት ያስሮጠዋል፤ የወረቀቱ ገጽ ይህ ነው። ከዚያ ደጋግሞ እየጨለፈ ወደ ፊትና ወደ ኋላ፣ አንዳንዴም ወደ ጎን ያንገዋልለዋል፤ በመጨረሻም የተረፈውን ውሃ ባንድ ውርወራ ከወንፊቱ ላይ አሽቀንጥሮ ይጥለዋል። ናጋሺዙኪ የሚባለው ይህ ነው። በአውሮፓ ግን አንድ ጊዜ ተጨልፎ ይነቀነቃል፣ ውሃው ይወርዳል፣ አለቀ።

ባሬት የሚያስደንቀኝ ይህን ሲገልጽ ነው። ስለ ጃፓን የእጅ ሥራ የሚጽፉ የውጭ ሰዎች እዚህ ቦታ ሲደርሱ በዝምታና በምሥጢር ይዋጣሉ፤ እሱ ግን የእያንዳንዱን እንቅስቃሴ ምክንያት ይናገራል። ውሃው ለምን መወርወር አለበት? ከላይ የቀረው ቆሻሻና ያልተበተነ ቋጠሮ አብሮ እንዲሄድ ነው። እርጥቡ ሉክ በእርጥብ ሉክ ላይ ያለ ምንም ጨርቅ ሲደረደር ለምን አይጣበቅም? ኔሪው የሚለያያቸው ስለሆነ፣ ረጅሙ ፋይበርም በየሉኩ ጸንቶ ስለሚይዝ፣ ክምሩም ሌሊቱን ሙሉ ቀስ በቀስ ስለሚጫን ነው። መምህርነቱ እዚህ ይታያል። ምክንያቱን የተረዳ ተማሪ የጃፓን ተራራና የጃፓን ክረምት በሌለበት ቦታም ሥራውን ማስኬድ ይችላል።

የመጽሐፉ ሌላው ወገን ይህንኑ የሚሞክር ነው። ጃፓን ያልሄደ ምዕራባዊ ሠሪ በቀላሉ በሚያገኘው ዕቃ ተነሥቶ፣ ከዚያ ከፍ ባለ ደረጃ፣ እንዴት እንደሚሠራ በሥዕልና በልኬት ያሳያል። ክፈፉን፣ ማድረቂያውን፣ መጫኛውን አናጺ ሊሠራው በሚችል መልኩ አስቀምጧል። የእኔ ቅሬታም የሚጀምረው ከዚህ ወገን ነው። መመሪያው ትክክል ነው፤ ግን አንድ ነገር ሳይናገር ያሳምናል፤ ሠሪ በእረፍት ቀኑ ጥቂት ሉክ በጥንቃቄ ካወጣ ሙያው ውስጥ እንደገባ ይቆጥራል። የገጠሩ ጃፓናዊ ግን በቀን በመቶዎች የሚቆጠር ሉክ ያወጣል፤ የክንዱ ምት የመጣው ከዚያ ድግግሞሽ ነው። ዘዴው ሲተረጎም ድግግሞሹ ወደ ኋላ ቀርቷል። ሉኩ ስንት እንደሚሸጥ፣ ቺሪ ስትለቅም የምትውለው ሴት ምን እንደምታገኝ፣ ልጆቿ ለምን ወደ ከተማ እንደሄዱ የሚጠይቅ አንባቢም በቂ መልስ አያገኝም። ቤተሰቦቹን ከ68 ሺህ ወደ መቶዎች ያወረደው የአሠራር ጉድለት አይደለም፤ ገበያው ነው። ይህን ያህል የተጨነቀ መጽሐፍ ለገበያው ሰፊ ቦታ ቢሰጥ ኖሮ ደስ ይለኝ ነበር።

ባሬት በ1986 ወደ አይዋ ዩኒቨርሲቲ ገባ። እዚያ የመጽሐፍ ጥበብ ማዕከል በሚባለው ክፍል ወረቀት መሥራትን ሲያስተምር ኖረ፤ ማዕከሉንም መርቷል። ኦክዴል በሚባለው የዩኒቨርሲቲው ግቢ የወረቀት መሥሪያ አቋቁሞ፣ ኮዞ ሳይቀር አይዋ ምድር ላይ ተከለ። በ2009 የማክአርተርን ሽልማት አገኘ። ከሽልማቱ በላይ የሚነግረን ግን ሌላ ነገር ነው። የአሜሪካ ብሔራዊ መዛግብት የነፃነት ዐዋጁን፣ ሕገ መንግሥቱንና የመብቶች ድንጋጌውን በአዲስ መስታወት ሳጥን ሲያኖር፣ ከሥራቸው የሚነጠፈው ወረቀት የተሠራው በባሬት መሥሪያ ነው። ሦስቱም ሰነዶች የተጻፉት በብራና ላይ ነው። ብራና ያለበት አገር ልጅ እንደመሆኔ ይህ ልቤን ነክቶታል፤ ብራና በእርጥበት እንደሚለጠጥና በድርቀት እንደሚኮማተር የገዳም መጻሕፍትን የጠበቁ ሁሉ ያውቁታል። እርጥበት የሚቀበልና የሚመልስ ጥሩ ወረቀት ከብራና ሥር መነጠፉ ጌጥ አይደለም።

በዚህ ጊዜ ውስጥ ጥያቄው ከጃፓን ወደ አውሮፓ ዞረ። በ1400ዎቹ የታተሙ መጻሕፍት ወረቀታቸው ዛሬም ነጭና ጠንካራ ሲሆን፣ ከእነሱ በኋላ የመጡት ብዙዎቹ ለምን ቡኒ ሆነው ይፈረካከሳሉ? ባሬትና ባልደረቦቹ ከ14ኛው እስከ 19ኛው ክፍለ ዘመን የተሠሩ 1,578 የወረቀት ናሙናዎችን ሳይቆርጡና ሳያበላሹ በብርሃንና በኤክስሬይ መረመሩ። ሁለት ነገር ጎልቶ ወጣ። አሮጌው፣ ደህና የቆየው ወረቀት የበለጠ ጄላቲንና የበለጠ ካልሲየም አለው። ካልሲየሙ ወረቀቱን ከአሲድ ይጠብቀዋል። ጄላቲኑ ደግሞ የተዘጋጀው ከቆዳና ከብራና ቅንጣቢ ነበር፤ ቆዳ ፋቂ የጣለው ቅንጣቢ ተቀቅሎ ሙጫ ይሆናል፣ የደረቀው ሉክ በሙጫው ውስጥ ይነከራል፣ እንደገና ይሰቀላል። ብራናን ከገበያ አስወጣ የሚባለው ወረቀት ጥንካሬውን የተበደረው ከብራና ነበር ማለት ነው። በወረቀት ታሪክ ካነበብኳቸው ነገሮች ሁሉ ይህን ያህል ያስደሰተኝ ጥቂት ነው።

የ2018ቱ መጽሐፍ ይህንን ምርምር ተሸክሞ የመጣ ነው፤ ክብደቱ ግን ኬሚስትሪው ላይ አይደለም። ደራሲው የድሮውን የአውሮፓ መሥሪያ እንደገና ያቆመዋል። ያረጀ የተልባ እግር ጨርቅ ተለይቶ፣ ርሶ፣ በክምር ይቦካል፤ በውሃ ኃይል የሚነሡ የእንጨት መዶሻዎች ይወቅጡታል። ገንዳው ዘንድ ሦስት ሰዎች ይቆማሉ። አንዱ ወንፊቱን ይነክርና ሉኩን ያወጣል። ሁለተኛው ወንፊቱን ተቀብሎ እርጥቡን ሉክ የሱፍ ጨርቅ ላይ ይገለብጠዋል። ሦስተኛው ከተጫነው ክምር ሉኩንና ጨርቁን ይለያያል። ወንፊቶቹ ሁለት ናቸው፤ አንዱ ሲገለበጥ ሌላው ገንዳው ውስጥ ነው፤ ማንም አይቆምም።

የድሮ መዛግብት እንዲህ ያለ ቡድን በቀን ወደ ሁለት ሺህ ሉክ ያወጣ እንደነበር ያስረዳሉ። የሥራው ቀን 12 ሰዓት ነው ብንል እንኳ ለአንድ ሉክ የሚደርሰው ከ22 ሴኮንድ አይበልጥም። ባሬት ይህን ቁጥር በወረቀት ላይ ትቶ አላለፈም፤ ከተማሪዎቹ ጋር ኦክዴል ላይ በዚያው ፍጥነት ለመሥራት ሞከረ፣ ሙከራውም በፊልም ተቀርጿል። ፊልሙን ያየ ሰው አንድ ነገር ያስተውላል። ሥራው ሲፋጠን ወንፊቱን የያዘው ሰው ስለ ሉኩ አያስብም፤ ክንዱ በራሱ ምት ይሄዳል። ቀጥሎ ስሕተት ይመጣል፤ ውሃ ይንጠባጠብና ሉኩ ላይ ክብ ጠባሳ ይተዋል፣ ጫፉ ይታጠፋል። እነዚህን ጠባሳዎች የጥንት መጽሐፍ ገልጦ ብርሃን ላይ የያዘ ሁሉ ያውቃቸዋል። የድሮዎቹ ሠሪዎች እንዲህ ያለውን ሉክ አልጣሉትም፤ ተሸጠ፣ ታተመበት፣ 500 ዓመት ኖረ።

ባሬት ከዚህ የሚደርስበት ሐሳብ የመጽሐፉ እምብርት ነው። የዚያ ዘመን ወረቀት ሕያውነት የመጣው ተራ ዕቃ ሆኖ ለተራ ሥራ በጥድፊያ ስለተሠራ ነው። ውበት ማንም ያልፈለገው ትርፍ ነበር። ይህን የሚለው ሰው ዕድሜውን ሙሉ ውብ ወረቀት ሲሠራና ሲያስተምር የኖረ መሆኑ ለሐሳቡ ታማኝነት ይሰጠዋል። የ1983ቱ ባሬት እያንዳንዱን ሉክ እንድናከብር ያስተምረን ነበር፤ የ2018ቱ ባሬት ሉኩን ትተን ሥራውን እንድናከብር ይጠይቃል። የተስማማሁት ከሁለተኛው ጋር ነው።

ነገር ግን እዚህ ላይ ከደራሲው ጋር ልከራከር እወዳለሁ። ነገሩ እንደሚለው ከሆነ የዩኒቨርሲቲው ክፍል ምን ይሠራል? ተማሪ በአንድ ሴሚስተር የሚያወጣው ሉክ የድሮው ቡድን በጥቂት ቀን ከሚያወጣው ያነሰ ነው። ክፍሉ ምክንያቱን ማስተማር ይችላል፤ ድግግሞሹን ግን አይችልም፤ ድግግሞሽ ደመወዝ ይፈልጋል፣ ደመወዝ ደግሞ ገዢ ይፈልጋል። መጽሐፉ ችግሩን አይቶታል፣ በሙሉ ግን አልተጋፈጠውም ባይ ነኝ። ኦክዴል ራሱ መልስ ሊሆን ይችል ነበር፤ የመጽሐፍ ጠጋኞች የሚገዙትን ወረቀት በብዛት እያመረተ ተማሪ ያስተማረ መሥሪያ ነውና። ተማሪ ለሽያጭ በሚወጣ ሉክ ላይ ሲቆም እጁ በሌላ መንገድ ይማራል፤ የሚቀጥለው ሉክ ይጠብቃል፣ ገዢው ውፍረቱ እኩል እንዲሆን ይፈልጋል። የዚያ መሥሪያ የዕለት ተዕለት ታሪክ፣ ማን ስንት ሉክ እንዳወጣ፣ ምን ያህሉ እንደተጣለ፣ ማን ሙያውን ይዞ ሄዶ እንጀራው እንዳደረገው፣ አንድ ራሱን የቻለ ምዕራፍ ይገባው ነበር።

ሁለቱም መጻሕፍት በሌላ ሰው አባሪ ይደገፋሉ፤ አባሪዎቹም ችላ የሚባሉ አይደሉም። በመጀመሪያው ላይ ቀራጺዋና መምህርቷ ዊኒፍሬድ ሉትዝ ከጃፓን ተክሎች ውጪ ስላሉ ፋይበሮች ጽፋለች። ኢትዮጵያዊ አንባቢ እዚህ ሲደርስ ስለ እንሰት ቃጫ ማሰቡ አይቀርም፤ እንሰት የአባካ ዘመድ ነው፣ አባካ ደግሞ ከሻይ ከረጢት እስከ ገንዘብ ኖት ድረስ ወረቀት የሚሠራበት ተክል ነው። ከአባሪው ዘዴ ተነሥቶ ቃጫን በአመድ ውሃ ቀቅሎ መሞከር ለሚፈልግ የሥነ ጥበብ መምህር ደረጃዎቹ ሁሉ ተጽፈውለታል። በሁለተኛው መጽሐፍ ላይ ደግሞ ወንፊት ሠሪው ቲሞቲ ሙር የአውሮፓውን ወንፊት አሠራር ይገልጻል፦ የእንጨቱ ጠርዝ፣ ሥሩ የሚሰካኩት የጎን አጥንቶች፣ በላያቸው የሚደረደረውና በቀጭን ሽቦ የሚሰፋው የሽቦ ፊት። ወረቀት ሠሪ በዓለም ላይ ዛሬም አለ፤ ወንፊት ሠሪ ግን በጣት የሚቆጠር ነው፤ በጃፓንም ቀርከሃውን ሰንጥቆ በሐር የሚሰፋው እጅ እየሳሳ ነው። መጽሐፉን ለሙያው ብሎ የሚገዛ ሰው ከመጀመሪያው ምዕራፍ በፊት ወደዚህ አባሪ ይሂድ፤ ልኬቶቹን ለአናጺ ያሳይ፤ የሽቦውን ውፍረት ይወቅ፤ ከዚያ ተመልሶ ስለ ገንዳውና ስለ ሦስቱ ሰዎች ያንብብ።